ጥሬው ምስልና አስተርጓሚው

ተውኔቱ አብቅቶ አንጋፋው ተዋናይ ጋቢያቸውን በክንዳቸው ላይ እንዳደረጉ ለተመልካቹ ጎንበስ ሲሉ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ጥግ የቆሙት ፎቶ አንሺ የካሜራቸውን ቁልፍ አራት ጊዜ ተጫኑ። የመድረኩ መብራት ቅይጥ ነበር፤ ከላይ ቢጫ፣ ከጎን ሰማያዊ፣ ከበስተኋላ ደግሞ የምድጃ እሳት እንዲመስል የተሰቀለ ቀይ። እንዲህ ባለ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ በኋላ መታረም እንዳለበት አርባ ዓመት በሙያው የኖሩ ሰው ያውቃሉና፣ ካሜራው ሥዕሉን ራሱ ጨርሶ እንዳያስረክባቸው፣ ይልቁንም ያየውን ሁሉ ሳይነካ በጥሬው እንዲያስቀምጥላቸው አድርገው ነበር። ካሜራው አዲስ ነው፤ ልጃቸው ከዋሽንግተን ስትመጣ ያመጣችላቸው። በማግሥቱ ፋይሎቹን ወደ አሮጌው ኮምፒዩተራቸው ገልብጠው ለዓመታት የሠሩበትን የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ቢከፍቱ፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ፋይል አላውቅም አለ። ሌላ ቀን አየዋለሁ ብለው ተዉት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተዋናዩ ዐረፉ። ቴአትር ቤቱ ለአርባቸው መታሰቢያ የሚሰቀል የመጨረሻዋን ምሽት ፎቶግራፍ ጠየቀ። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ሽማግሌው ጎንበስ እንዳሉ ይታያሉ፤ ከዚያች መስኮት አውጥቶ ግድግዳ ላይ ማዋል ግን እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም።

ጥሬ ቡናን ማንም አይጠጣም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ በየደረጃውም የባለሙያዋ እጅ ይታወቅበታል። ፎቶ አንሺዎች ጥሬ ፋይል የሚሉትም ለዐይን ገና ያልደረሰ ነገር ነው። በካሜራው ሆድ ውስጥ ፊልም በነበረበት ስፍራ አሁን ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ገበታ አለ። ገበታው በብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ሕዋሳት የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለምን ለይተው አያውቁም። ቀለም የሚለይበትን ዘዴ የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር አስቦት እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ፊት አንዲት ባለቀለም ማጣሪያ ትቀመጣለች፤ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ለአረንጓዴው እጥፍ ድርሻ የተሰጠው የሰው ዐይን የነገሮችን ዝርዝር በይበልጥ የሚለየው በዚያ አካባቢ ባለው ብርሃን ስለሆነ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሦስቱ ቀለማት አንዱን ብቻ በቁጥር ይመዘግባል፤ የቀሩትን ሁለቱን ከጎረቤቶቹ ገምቶ መሙላት የፕሮግራሙ ፈንታ ነው። ነጭ ማለት የትኛው እንደሆነ መወሰን፣ ጥላውን ማፍካት፣ ጨለማና ብርሃኑን ማመዛዘን፣ ይህ ሁሉ ከምዝገባው በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ካሜራው ይህን ሥራ ራሱ ሠርቶ የፈላ ቡና ሊያቀርብ ይችላል። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው ፋይል ይኸው ነው። ነገር ግን በጄፔግ እያንዳንዱ ቀለም በ256 ደረጃዎች ይወሰናል፤ በ14 ቢት የተመዘገበ ጥሬ ፋይል እስከ 16,384 ደረጃዎች ይይዛል። የተረፈው ሁሉ በካሜራው ውስጥ ይጣላል ማለት ነው። ፎቶ አንሺው ሲቸግራቸው ይህንንም ሞክረውት ነበር፤ ካሜራው ከጥሬው ጄፔግ እንዲያወጣላቸው አዘዙት፣ አወጣ። የተዋናዩ ግንባር በመብራቱ ነጥቶ ጠፋ፤ ዐይናቸው ያለበት ጥላ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። ካሜራው ለማንኛውም ሰው በተዘጋጀ አንድ ልክ ቆልቶ ሰጣቸው። እርሳቸው ግን ዐይኖቹ በዚያ ጥላ ውስጥ እንዳሉ ያውቃሉ፤ በቦታው ነበሩና።

ሙያውን የተማሩት በፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ነጋቲቭ ታጥቦ በክር ላይ ሲሰቀል፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ ቢገለበጥም፣ ማንም መንገደኛ ወደ መስኮት አዙሮ ቢያየው የማን ፊት እንደሆነ ይለይ ነበር። የቦያጂያን ቤተሰብ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ነጋቲቩን ለማንበብ የካሜራው ፋብሪካ ፈቃድ አላስፈለገም። ፋብሪካ ይዘጋል፣ ካሜራ ይሰበራል፤ ነጋቲቭ የሚጠይቀው ብርሃን ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ነጋቲቭን ከሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመቱን ከአጨዋወቱ ጋር ያመሳስል እንደነበር ይታወቃል። ለቴአትር ሰው ተውኔቱና ዝግጅቱ ማለት ነው፤ አንዱ ድርሰት በሁለት አዘጋጆች እጅ ሁለት መድረክ ይሆናል። ጥሬው ፋይልም ዝግጅት የሚጠብቅ ድርሰት ነው፤ ነገር ግን የተጻፈበትን ፊደል አጥርቶ የሚያውቀው ወረቀቱን የሸጠው ነጋዴ ነው።

እያንዳንዱ አምራች የሚጽፈው በራሱ አጻጻፍ ነው። በራሱ አጻጻፍ እንኳ አይጸናም፤ ካነን ሲ.አር.ደብልዩ ይለው የነበረውን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሲ.አር.2፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሲ.አር.3 ተክቶታል። የአጻጻፉ ስም ባይለወጥም፣ አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር ሴንሰሩ ቀለምን የሚያይበት መንገድ ይለያል። ስለዚህ የፕሮግራም ሠሪዎች ካሜራውን አግኝተው፣ ቀለማቸው የታወቀ ሰሌዳዎችን በታወቀ ብርሃን አንሥተው፣ ልኩን ወስደው ፕሮግራማቸውን ማስተማር አለባቸው። ይህ ትምህርት የሚሰጠው ለአዲሱ እትም ነው። የፎቶ አንሺው ፕሮግራም አልተበላሸም፤ ትናንት የሚያውቃቸውን ካሜራዎች ዛሬም ያውቃል፤ ትምህርቱ የተቋረጠበት ግን ዓመታት ሆኖታል። እርሱን አንድ ጊዜ ከፍለው ገዝተውታል። አዲሱን ካሜራ የሚያውቀው እትም አይሸጥም፣ ይከራያል፤ ኪራዩም በየወሩ፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ ካርድ ነው። ቢከራዩትስ አሮጌው ኮምፒዩተር አይሸከመውም። አምራቹ በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራምም እንዲሁ አዲስ ኮምፒዩተር ይፈልጋል።

ጉዳዩ በሙያው ዓለም ክርክር ካስነሣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮን ዲ2ኤክስ በተባለው ካሜራው ጥሬ ፋይል ውስጥ የነጭ ሚዛንን የሚመለከተውን መረጃ በምስጢር ቁልፍ መዝጋቱ ታወቀ። የነጭ ሚዛን ማለት ፎቶግራፉ በተነሣበት ብርሃን ነጭ ነገር ምን መልክ እንደነበረው የሚናገር ቁጥር ነው፤ ያለ እርሱ የቀለሙ መነሻ ይጠፋል። ፎቶሾፕን ከወንድሙ ከጆን ጋር የፈጠረውና በአዶቤ ኩባንያ የጥሬ ፋይል ማንበቢያውን የጻፈው ቶማስ ኖል ነገሩን በአደባባይ ነቀፈ፤ ቁልፉን ሰብሮ ማንበብም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል ብሎ ሰጋ። ኒኮን በበኩሉ ፋይሉን ለመክፈት የሚያስችል የራሱን መሣሪያ ለሚያመለክቱ ፕሮግራም ሠሪዎች እንደሚሰጥ ገለጸ።

የአምራቾቹ ክርክር ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ሴንሰሩን የሠራ ድርጅት ቀለሙን ከማንም የበለጠ ያውቃል፤ ሥራው በማያውቀው እጅ ተበላሽቶ በስሙ እንዲቀርብ ባይፈልግ የሚያስነቅፈው አይደለም። ዳሩ ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ያለው የአምራቹ ሥራ ብቻ አይደለም። ሠርጉን፣ ቀብሩን፣ መድረኩን ያየው ፎቶ አንሺው ነው። የብርሃኑን ቁጥር በቁልፍ መዝጋት ከመሣሪያ ባለቤትነት አልፎ የሌላውን ሰው ትዝታ በእጅ ማድረግ ይሆናል።

በዚያ ጊዜ ማመልከቻም ሆነ ፈቃድ ሳይጠብቅ የሠራ ሰው ነበር። ዴቭ ኮፊን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1997 ዲሲሮው የተባለ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ዓላማው ከየትኛውም ካሜራ የወጣን ጥሬ ምስል በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ የሚያነብ መሣሪያ ማበርከት ነበር። አምራቾች ያልገለጹትን አጻጻፍ ቁጥሩን ከቁጥር እያስተያየ፣ ጥንታዊ ጽሑፍ እንደሚፈታ ሊቅ ፈታ፤ የኒኮንም ቁልፍ አልቀረው። እስከ 2018 ድረስ አዳዲስ እትሞችን አውጥቶ የብዙ መቶ ካሜራዎችን ፋይል አስነብቧል፤ ሮውቴራፒን የመሰሉ በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞችም በሥራው ላይ ተመሥርተዋል። አዶቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲ.ኤን.ጂ. የሚባል፣ ዝርዝሩ ለማንም በይፋ የታተመ የጥሬ ፋይል አጻጻፍና የየአምራቹን ፋይል ወደዚያ የሚለውጥ ፕሮግራም በነጻ አቀረበ። አዶቤም ነጋዴ ነው፤ ይህን ያደረገው ለጽድቅ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም በይፋ የታተመ ነገር በይፋ የታተመ ነው። ላይካና ፔንታክስ በካሜራዎቻቸው ተቀብለውታል፤ ካነን፣ ኒኮንና ሶኒ የየራሳቸውን ይዘው ቀጥለዋል።

የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ለመረዳት ካሜራ አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከመካተቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የሚሰጡት ቁጥር የየራሳቸው ነበር። ሀ በአንዱ ዘንድ ሀ ነው፤ በሌላው ዘንድ የላቲን ፊደል ወይም የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በአንዱ የተተየበ ተውኔት በሌላው ሲከፈት ገጹ በምልክት ዝርግፍ ይሞላ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ፣ ንግግራቸው፣ የትዕይንቱ መግለጫ ሁሉ በዲስኩ ላይ አሉ፤ አንባቢ ግን የላቸውም። ከዚያ መከራ የዳነው ድርሰቱን በወረቀት አሳትሞ ያስቀመጠ ደራሲ ነው። ፊደሉ ለሁሉም አንድ ቁጥር ሲሰጠው ችግሩ ለአዲሱ ጽሑፍ ቀለለ፤ አሮጌው ዲስክ ግን በየመሳቢያው እንደተቆለፈ ቀርቷል።

ፎቶ አንሺውን የረዳቸው የቴአትር ቤቱ የመብራት ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ይስጡኝ እስቲ» ብሎ አራቱን ፋይሎች በፍላሽ ወሰደ። በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ዲ.ኤን.ጂ. ለውጦ፣ ለአሮጌ እትሞች የሚስማማውን ምርጫ መርጦ ከሰዓት በኋላ መለሰላቸው። አሮጌው ፕሮግራም ሳያንገራግር ከፈተው። ለሳምንታት የተዘጋው በር የተከፈተው ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም ሰውየውን ከማስደሰት ይልቅ አናደዳቸው።

ሥዕሉ ሲወጣ ግን በካሜራው መስኮት ላይ የነበረውን አልመሰለም። በዚያ ጋቢው ሞቅ ያለ፣ ማር የነካው ይመስል ነበር፤ እዚህ ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ አደላ። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ጥሬው ፋይል አይደለም፤ ካሜራው በአምራቹ ልክ አዘጋጅቶ በፋይሉ ውስጥ የሚያኖረው ጄፔግ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ያንኑ ቁጥር በራሱ ልክ ተረጎመው። ወጣቱ መዳፊቱን ይዞ ጋቢው ላይ ጠቆመና፣ ይህ ነጭ ነው ብሎ ለፕሮግራሙ ነገረው። ጋቢው ነጭ ሆነ፤ የመብራቱ ሙቀት ሁሉ ግን አብሮ ከመድረኩ ጠፋ።

«አሁን ትክክል ነው፣ ጋሼ» አለ።

«ጋቢው ነጭ እንደነበር እኔም አውቃለሁ» አሉት። «ሕዝቡ ያየው ግን ቢጫውን ነው። ያንን መብራት የሰቀልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ወጣቱ ሳቀና መዳፊቱን ለቀቀላቸው። እርሳቸው ወንበሩን ስበው፣ ቢጫውን በጥቂቱ እየመለሱ፣ ጥላውን በጥቂቱ እያፈኩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ሠሩ። ዐይኖቹ ወጡ። አንደኛው ወደ ታች ያያል፤ ሌላው በግማሽ የተከደነ ነው፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የሚያዩት የመድረኩን ሳንቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ጥሬ ፋይል አልጣሉትም፤ የአምራቹ ፕሮግራም በአብዛኛው የተለወጠውን አይከፍትምና፣ አንድ ቀን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያስፈልግ ይሆናል ብለው አስቀመጡት። ዲ.ኤን.ጂውን በሁለት ዲስክ ገለበጡ፤ አንዱን ለቴአትር ቤቱ ሰጡ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ኅትመቶች አስወጡ። አንዱ ለአርባው ተሰቀለ። በሌላው ጀርባ ላይ በእርሳስ የተውኔቱን ስም፣ የተዋናዩን ስም፣ ቀኑንና የመብራት ሠራተኛውን ስም ጽፈው፣ በፒያሳ ሳሉ ነጋቲቭ ያኖሩበት በነበረው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስገቡት።