አያቴ በድምር ውስጥ

አሜሪካኖች ታድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ያደረጉትን ቆጠራ መዝገብ 72 ዓመት ቆልፈው በ2022 ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። የአያትህን ስም ትጽፋለህ፣ ከነቤተሰቡ ይመጣልሃል።

እኔም የእናቴን አገር ሆሞሻን ፈለግኩ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት ተገኘ፤ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ያን ያህል። ስም ግን የለም። የእኛ ቆጠራ ለሕዝብ የሚያወጣው ድምር ነው። አያቴ እዚያ ድምር ውስጥ አንድ ቁጥር ናት።

ስም ቢኖረውስ? ቤንሻንጉል በ1890 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምኒልክ ግዛት ሲገባ ከግብሩ ውስጥ ወርቅም ባሪያም ነበረበት። አገሪቱ የመጀመሪያውን ቆጠራ ያደረገችው ደግሞ በ1976 ነው። በመሃል ተነድተው የሄዱትን፣ ስማቸው የተቀየረውን ማን መዘገባቸው? ከእኔ ወገን የሆነ ሰው አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ቢቀመጥ በምን አውቀዋለሁ?

አያቴ ግን ታውቃለች። በበርትኛ እስከ ስድስተኛ አያቷ ትቆጥራለች፤ ማን እንደተወሰደና ማን እንደቀረም ትናገራለች።

ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ ይላል። በ2011 ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ። አያት አትራዘምም። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳ የለ? ዛሬውኑ ደውሉላትና ቅዱ።