በሰው አገር መንገድ ላይ

ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁንና ልብሱን ያዘጋጃል፤ የሚሄድበትን አገር የመንገድ ሕግ ለመማር ግን ብዙ ጊዜ አያስብም። እግረኛ ቢሆን ስሕተቱ በእፍረት ብቻ ያልፍለት ይሆናል። በብስክሌት የሚሄድ ግን ከመኪናዎች መካከል ያለ አንዳች መከላከያ የሚጓዝ ስለ ሆነ፥ አለማወቁ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ብዙ ዘመን የኖረ አንድ ኢትዮጵያዊ፥ ዕድሜው ወደ 60 ሲቃረብ፥ በብስክሌት ሆኖ ሆላንድን ሊጐበኝ ተነሣ። እስከ ወሰኑ ድረስ ያለውን ሕግ ያውቅ ነበርና አልሠጋም። ይኸውም ከ2020 (በፈረንጆች ቍጥር) ጀምሮ፥ ብስክሌተኛን የሚቀድም ነጂ በከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ከግማሽ፥ ከከተማ ውጭ ሁለት ሜትር ርቆ እንዲያልፍ የሚያዝዝ ነው።

ወሰኑን በተሻገረ ጊዜ ያየው ሁሉ አስደነቀው። ለብስክሌት ብቻ የተለየ ቀይ መንገድ ተዘርግቷል፤ በየመገናኛውም ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሞ መንገደኛውን ከአንዱ ቍጥር ወደ ሌላው ይመራዋል። ነጂዎቹም ታጋሾች ሆነው አገኛቸው። በማደሪያው የተዋወቀው አንድ እንግዳ፥ «በዚህ አገር መኪና ብስክሌተኛን ቢገጭ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ነጂው ነው» ብሎ ነገረው። እርሱም ይህን ቃል አምኖ ከዚያ ወዲያ በድፍረት ይነዳ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ከአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ሲደርስ፥ በመንገዱ ላይ ነጫጭ ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸው ወደ እርሱ ዞሮ ተሥለው አየ። ጌጥ መሰሉትና ሳይቆም አለፈ። የአገሩ ሰዎች የሻርክ ጥርስ የሚሉት ይህ ምልክት ግን፥ «ቅድሚያ ስጥ» ማለት ነበረ። ወዲያው የፍሬን ጩኸት ተሰማ፤ አንዲት መኪናም ከብስክሌቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች።

ነጂዋ ጠጕሯ የሸበተ ሴት ነበረች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ወርዳ አስቀድማ፥ «ተጐድተዋልን?» አለችው። እርሱም ደኅና መሆኑን ነግሯት፥ በማደሪያው የሰማውን ቃል እንደ ምክንያት አድርጎ አቀረበ። እርሷም፥ «የሰሙት እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ሕጋችን ካሳውን በእኔ ላይ ያደርግ ይሆናል፤ ካሳ ግን ሙት አያስነሣም። እርስዎን ገድዬ ቢሆን ኖሮ፥ ዳኛ ነጻ ቢያወጣኝ እንኳ ልቤ ነጻ አያወጣኝም ነበር» ብላ መለሰችለት። መንገደኛውም አፈረ፤ ይቅርታም ለመናት።

ሴቲቱ የተናገረችው በእውነት የሕጉ ፍሬ ነገር ነው። በ1994 የወጣው የሆላንድ የመንገድ ሕግ በ185ኛው አንቀጽ፥ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ በቀር፥ መኪና በእግረኛና በብስክሌተኛ ላይ ላደረሰው ጉዳት ባለመኪናውን ኀላፊ ያደርገዋል። ዳኞችም፥ ብስክሌተኛው ራሱ ቢሳሳት እንኳ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር፥ ዐዋቂ ቢሆን ቢያንስ የጉዳቱን እኩሌታ፥ ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች ቢሆን ሙሉውን እንዲያገኝ ፈርደዋል። ይህ ግን የካሳ ነገር ነው እንጂ፥ የተሳሳተውን ንጹሕ፥ ንጹሑን ወንጀለኛ አያደርገውም።

የአገሩ ሰዎች ለብስክሌተኛ እንዲህ መጠንቀቅን የተማሩት በኀዘን ነው። በ1971 በሆላንድ መንገዶች ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆችም፥ «የልጆቻችን መገደል ይቁም» እያሉ በየአደባባዩ ተሰለፉ።

መንገደኛው በዚያ ቀን ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ወደ ከተማይቱ ገባ። ሌሊቱንም የመንገዱን ምልክቶች ሲያጠና ቈየ፤ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ እንደሚሰጥ፥ ብስክሌት የተሣለበት ክብ ሰማያዊ ምልክት ባለበትም ብስክሌተኛ በዚያው መንገድ እንዲሄድ ግዴታ እንደ ሆነ፥ ከ2019 ወዲህም እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ እንደ ተከለከለ ተረዳ።

እንግዲህ ብርቱው መግደል ስለሚችል ሕግ ሸክሙን ቢያከብድበት ፍርድ ነው። ደካማውም ድካሙን እንደ መብት ቈጥሮ በሌላው ሰው ሕሊና ላይ የማይነሣ ሸክም እንዳይጥል ይጠንቀቅ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ባልንጀሮች ናቸውና።