አፍንጫችንን ስናጥብ፦ ከኢስቲንሻቅ እስከ ፕላስቲኩ ጠርሙስ



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ስለ አፍንጫ ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኛ ራሳችን በዚህ ጉዳይ ተሳስተናል፤ ይባስ ብሎም ሰው አሳስተናል። ይህን የምንጽፈው ያንን ስህተት ለማረም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይነስ ከደረሳነታችን ጊዜ ጀምሮ አብሮን አለ። በተለይ ህዳርና ታህሳስ ላይ ብርዱና አቧራው ሲገናኙ አፍንጫችን ይደፈናል፣ ግንባራችን ይከብዳል። የሱብሒን አዛን ስናደርግ ድምፃችን የሌላ ሰው ይመስላል። ኢማማችን በሌሉበት ቀን ስናሰግድ ደግሞ ፋቲሐን ሳንጨርስ ትንፋሽ ያጥረናል። ያልሞከርነው ነገር አልነበረም፤ ጥቁር አዝሙዱን፣ ዝንጅብሉን፣ የባህር ዛፍ ቅጠል እንፋሎቱን ሁሉ አዳርሰነዋል።

አንድ ቀን ከዐረብ አገር የተመለሰ ወንድማችን አንዲት ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠን። ክዳኗ መሃሉ ቀዳዳ አለው። ከእሷ ጋር ትንንሽ የጨው ከረጢቶች አሉ። ጨዉን ለብ ባለ ውሃ በጥብጠህ፣ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለህ፣ ጭንቅላትህን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለህ፣ በአፍህ እየተነፈስክ ጠርሙሷን ጨመቅ ታደርጋታለህ። ውሃው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሱብሃነላህ አልን። ለዓመታት የተዘጋ በር የተከፈተልን ያህል ነበር።

ውሃውን ከየት አመጣነው? ከመስጂዳችን ታንከር። ቀን ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ውሃው ራሱ ለብ ያለ ነው፤ ማሞቅ እንኳ አያስፈልግም። ከጠርሙሷ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ አላነበብነውም።

ከዚያ የባሰውን አደረግን። ከዐስር በኋላ በምናስቀራው ሐልቃ ላይ ስለ ኢስቲንሻቅ ደርስ ስንሰጥ ጠርሙሷን አውጥተን አሳየን። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ከ1400 ዓመት በፊት ያስተማሩትን ዛሬ ሳይንስ ደረሰበት ብለን ተናገርን። ወጣቶቹ ደስ አላቸው። ሦስቱ በዚያው ሳምንት ገዙ። አንዱማ እስኪገዛ ድረስ በእኛው ጠርሙስ ተጠቀመ።

በቀጣዩ ጁሙዓ፣ ነርስ የሆነ አንድ የጀማዓችን ወንድም ከሶላት በኋላ ጠብቆ ያዘን።

«ኡስታዝ፣ ውሃውን ያፈሉታል?»

ሳቅን። «ለአፍንጫ ውሃ ይፈላል እንዴ? አፍልተን ነው እንዴ ዉዱእ የምናደርገው?»

እሱ ግን አልሳቀም። «ኡስታዝ፣ ጠርሙሷና ዉዱእ አንድ አይደሉም» ብሎ ጥግ ላይ አስቀመጠንና አስረዳን።

የነገረን ይህ ነው። ሙቅና ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ አሜባ አለች። ስሟ ኔግለሪያ ፋውለሪ ይባላል። ሐይቅ ውስጥ፣ ፍል ውሃ ውስጥ፣ በደንብ ባልታከመ የቧንቧና የታንከር ውሃ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። ብትጠጣት ምንም አታደርግህም። ችግሩ በአፍንጫ ሽቅብ ስትገባ ነው። በማሽተቻው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ትዘልቃለች። በሽታው እጅግ በጣም ብርቅ ነው፤ ግን ከያዘ የሚተርፈው በጣም ጥቂት ሰው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫ ማጠቢያ ዕቃ ላይ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ተጠቅመው በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ጉዳዩ ወደ እኛ ቤትም ይመጣል። በፓኪስታን ካራቺ ከተማ በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ 13 ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ተመዝግቧል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በሽታ የሚይዘው ሙቅ ውሃ ውስጥ የዋኘን ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግን ውሃ ውስጥ የመግባት ታሪክ የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ የቧንቧውን ውሃና በዉዱእ ጊዜ ወደ ላይ ጠልቆ የሚሳበውን ውሃ ጠረጠሩ። በ2012 እ.ኤ.አ ደግሞ በካሪቢያኗ ሴንት ቶማስ ደሴት አንድ የ47 ዓመት ሙስሊም በዚሁ በሽታ ሞተ፤ የጤና ባለሙያዎቹም ሞቱን ለሶላት ሲል አፍንጫውን ከማጠቡ ጋር አያይዘውታል። አላህ ይዘንላቸው።

ይህን ስንሰማ በመጀመሪያ ትዝ ያለን የራሳችን አፍንጫ አልነበረም። ሦስቱ ልጆች ናቸው።

ሁለቱን በዚያው ምሽት አገኘናቸው። ሦስተኛው ግን ለሥራ ወደ አፋር፣ ሰመራ ሄዷል ተባለ። ስልኩ ለሦስት ቀን አልነሳ አለ። እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው አላህ ያውቃል። ሶላት ላይ ቆመን የምናስበው ያቺን ጠርሙስ ነበር። በአራተኛው ቀን አነሳ።

«አለሁ ኡስታዝ! ኔትወርክ አልነበረም። ጠርሙሷማ ተመችታኛለች፤ እዚህ ቧንቧው ራሱ ሙቅ ውሃ ነው የሚያወርደው፣ ማሞቅ አላስፈለገኝም።»

እግራችን ከዳን። ያቺ አሜባ የምትወደው እንዲህ ያለውን ውሃ ነው። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ እንዳለው ጠየቅነው። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልነበረውም። ከዛሬ ጀምሮ ሳያፈላ እንዳይጠቀም፣ የጠየቅነውም ነገር ከታየበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ሄዶ በአፍንጫው ውሃ ያስገባ እንደነበር እንዲናገር ነገርነው። ዛሬም ደህና ነው። ግን ደህና የሆነው በአላህ እዝነት እንጂ በእኛ ዕውቀት አይደለም።

ያን ሰሞን ከልጅነታችን የቀራነው አንድ ታሪክ አልለቀን አለ። አቡዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሓቦች ጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ጭንቅላቱን ድንጋይ መትቶት ይቆስላል። ሌሊት ጀናባ ሆነና ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ለገደሉት እነሱ እንደሆኑ፣ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነ ተናገሩ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም። ዲኑን ያጠበቁ መስሏቸው ነው። እኛም ክፉ አላሰብንም። ዕውቀት ሳይኖረን ስለ ውሃ አፋችንን ከፈትን እንጂ።

ስለዚህ በቀጣዩ ሐልቃ ላይ ጠርሙሷን እንደገና አውጥተን ተሳስተናል አልናቸው። ለአስተማሪ ቀላል አይደለም። ግን ጥፋቱ የተነገረው በጀማዓ ፊት ነውና እርማቱም በጀማዓ ፊት መሆን ነበረበት።

እሺ፣ አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ።

አንደኛ፣ አፍንጫ ማጠብ በራሱ መጥፎ አይደለም። ለሳይነስና ለአለርጂ ሐኪሞችም የሚያዙት ነገር ነው። ውሃው ግን የፈላ መሆን አለበት። ሲንፈቀፈቅ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ግን 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ምክንያቱም ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። አዲስ አበባና ደሴ ያላችሁ ከዚህ ውስጥ ናችሁ። ከዚያ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን አፍንጫ ውስጥ ማስገባት ሌላ ጉዳት ነው። ማጣራት ብቻውን ወይም ፀሐይ ላይ ማዋል ማፍላትን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ባዶ ውሃ አፍንጫን ያቃጥላል። ልኩ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው ነው፤ ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር የሚቀራረብ። ከፋርማሲ የሚገዛው ኖርማል ሳላይንም ይኸው መጠን ነው። ሆስፒታል የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ግሉኮስ ገዝታችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ጠርሙሷ የአንድ ሰው ናት። እኛ ያበደርነው ስህተት ነበር። ከተጠቀማችሁ በኋላ በፈላ ውሃ አለቅልቃችሁ ከፍታችሁ አድርቋት። ርጥብ ሆና ተከድና የምታድር ጠርሙስ ራሷ የጀርም ቤት ትሆናለች። እጃችሁንም አስቀድማችሁ ታጠቡ። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳያስገባ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውን የለ?

አራተኛ፣ አፍንጫን «ከጀርም ነጻ» እናደርጋለን እያሉ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ መብራቶችና ማሽኖች አሉ። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። አፍንጫ ጀርም የሌለበት እንዲሆን አልተፈጠረም። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ስታፍ የሚባለውን ባክቴሪያ ምንም ሳይሆን አፍንጫው ውስጥ ይዞ ይኖራል። ፀጉሩ አቧራውን ይይዛል፣ ንፍጡ ያጣብቀዋል፣ በዓይን የማይታዩ ርግብግቢቶች ደግሞ ቀንና ሌሊት ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። አላህ የሠራው ማጠቢያ ይሄ ነው። በየሰዓቱ እያጠቡ እስኪደማ ማድረቅ ንጽህና ሳይሆን ወስዋስ ነው።

አሁን የፊቅሁን ጎን እንይ። «ታዲያ ኢስቲንሻቅን እንፍራ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አትፍሩ። ሸይኻችንን ጠይቀናቸው ነው የምንመልሰው። ኢስቲንሻቅ ውድ ሱና ነው። በሻፊዒይና በማሊኪይ መዝሀብ በዉዱእም በትጥበትም ሱና ነው፤ በሐነፊይ በዉዱእ ሱና ሆኖ በጀናባ ትጥበት ግዴታ ነው፤ በሐንበሊይ በሁለቱም ግዴታ ነው። ከእንቅልፍ ስንነቃም ሦስት ጊዜ ውሃ አስገብተን እንድናወጣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ታዝዘናል። በእፍኝ የተያዘ ውሃን በትንፋሽ ስቦ በግራ እጅ ማውጣት ሌላ ነው፤ በጠርሙስ ግፊት እስከ ሳይነስ ድረስ ማጥለቅለቅ ሌላ ነው። ለለቂጥ ኢብኑ ሶቢራ በተነገረው ሐዲስ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ተወድዷል፤ ጾመኛ ካልሆነ በቀር። ውሃው ታንከር ውስጥ የሞቀ፣ ክሎሪን መግባቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ግን አለሳልሳችሁ ሳቡ፣ ካልሆነም የፈላ ውሃ በጆግ አስቀምጡ። ጉዳትን ማራቅ የሸሪዓችን መሠረት ነው። በተለይ ቆላ ላይና በዐረብ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ያዙት።

ጠርሙሷ ሕክምና ናት፣ ኢስቲንሻቅ ዒባዳ ነው። ያለ ጠርሙሷ የሚያጥበውን ሰው «ሱናህ ጎደለ» አትበሉት።

ረመዷን ላይስ? በ1997 እ.ኤ.አ ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የአፍንጫ ጠብታና ስፕሬይ፣ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡት ድረስ ጾም አያፈርስም ብሏል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ነገሩ ጠበቅ ያለ ነው። ጠርሙሷ ደግሞ ብዙ ውሃ ነው የምታስገባው፤ ወደ ጉሮሮ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። ሕመሙ የሚያስገድድ ከሆነ ሐኪማችሁንና የምታምኑትን ዓሊም አንድ ላይ ጠይቁ።

የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶችም አንድ ሥራ አለላችሁ። ታንከራችሁ መቼ ነው የታጠበው? ክዳኑስ ይገጥማል? እኛ ከዚያ ወዲህ ወጥተን ስናይ ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ ሥሩ ላይ ጣት የሚያህል ደለል ተኝቶ አገኘን። ስንት ዓመት ከእሱ ዉዱእ ስናደርግ እንደነበር ማንም አላስታወሰም። አሁን ነርሱ ወንድማችን ኃላፊነቱን ወስዶ በየጊዜው ያሳጥበዋል፤ ክሎሪኑንም እሱ ነው የሚለካው። ከእኛ ደርስ ይልቅ የእሱ ሥራ ሳይበልጥ አይቀርም።

እኛ ጠርሙሷን አሁንም እንጠቀማለን። ማታ ከዒሻ በኋላ ውሃ አፍልተን፣ ከድነን እናሳድረዋለን፤ ከሱብሒ በፊት እንታጠባለን። አዛኑ አልሐምዱሊላህ ጥሩ ነው ይሉናል።

አላህ የማናውቀውን ከመናገር ይጠብቀን፤ ስንሳሳት የሚያርመን ወንድም አያሳጣን። ይህን ጽሑፍ ጠርሙሷን ለሚጠቀም ሰው አድርሱልን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።