ድሬ ስትመጡ ደቻቱን ሳታዩ እንዳትሄዱ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ አንድ ነው። «ለሁለት ሦስት ቀን ድሬዳዋ ልንመጣ ነው፣ ምን እንይ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የአብዛኛው እንግዳ ፕላን ይኼ ነው፦ ከአውሮፕላን ወይ ከባቡር ይወርዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሚኒባስ ይዞ ሐረር ይገባል። ድሬ መኪና መቀየሪያ ናት እንዴ? አቦ ተዉ! ሐረርን እወዳታለሁ፣ ትደርሱባታላችሁ። ለድሬም ግን አንድ ሙሉ ቀን ስጧት፤ እሱንም በእግራችሁ።

ከለገሃር ጀምሩ። ከጂቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን ማስወጣት ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ እታች ሜዳው ላይ ቀረ። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ መጀመሪያ ስሟ ራሱ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ ወደ መሃል አገር እስኪቀጥል ድረስ ዕቃው ሁሉ እዚህ እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። አዲሱ ባቡር ከመጣ ወዲህ ተሳፋሪው ከከተማ ውጪ ወዳለው ጣቢያ ዞሯል። የድሮው ግቢ ግን አለ። አስፈቅዳችሁ ግቡና ወርክሾፑን፣ ቆመው የቀሩትን ፉርጎዎች እዩ። አካባቢው ላይ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ካገኛችሁ ሰላም በሏቸው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ወሬውን በአማርኛ ጀምረው በፈረንሳይኛ ይጨርሱላችኋል።

ከዚያ ከዚራ ግቡ። ፈረንሳዮቹ በመስመር የቀየሷት ሰፈር ናት፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ ጥላ የሠራ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አይቻልም። ከደከማችሁ ባጃጅ ሞልቷል። ባጃጅ ከሕንድ መጥታ ዜግነት ያገኘችው ድሬ ነው እላለሁ እኔ።

ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ ደቻቱ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚህ ጋ ነው እንግዳ ሁሉ የሚስቀው። «ወንዙ የታለ?» ይላል። ከባሕር ዳር የመጣ የአጎቴ ልጅማ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየና «ድልድዩን ሠርታችሁ ወንዙን ረሳችሁት?» አለኝ። አልተሳሳተም። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ የቸኮለ ሰው ድልድዩን ትቶ በመሃሉ ያቋርጣል።

አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ስለ 1998 ነገርኩት።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነው። ሰው ተኝቷል። ዝናቡ የወረደው እላይ ከተራራው ላይ ነው፤ ደቻቱ ያን ሁሉ ይዞ በሌሊት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን አጣ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ክረምት ላይ ነበርኩ። ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ እኛ ድምፁን ነው የሰማነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ሰው ሰው ሲጣራ። እናቴ በሩን ዘግታ ቁልፉን ጡቷ ስር ሸጎጠችው፣ ማናችንም እንዳንወጣ። መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራችን ስም ስትጠራ አንድ ስም ላይ ደርሳ ቆመች። ማንም «የለም» አላለም። እሷም ትንሽ ቆይታ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።

ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም የድሬ ልጅ ሆኖ ደቻቱን እንደ ባዶ ሜዳ የሚያይ ትልቅ ሰው አላውቅም። በበልግ ወይ በክረምት ከመጣችሁ ፎቶ ለመነሳት ብላችሁ አሸዋው ላይ አትውረዱ። ድሬ ላይ ፀሐይ መሆኑ አያታላችሁ፤ ቀና ብላችሁ የደንገጎን ሰማይ እዩ። እዚያ ከጠቆረ ዳር ያዙ።

መጋላ ከገባችሁ በኋላ ካርታ አያስፈልግም። መንገዱ እንደ ከዚራ ቀጥ አይልም፤ ይጠማዘዛል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ገበያ ላይ ይጥላችኋል። ቀፊራ ስትደርሱ ቅስቶቹን ቀና ብላችሁ እዩ። አንዷ ነጋዴ ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ፣ ለእናንተ በአማርኛ ዋጋ ትናገራለች፤ ሳታርፍ። ትኩስ ባጂያና ሳምቡሳ ብሉ። ሙሸበክና ሐልዋ ለቤት ግዙ። ከምሳ በኋላ ግን ሥራ ይዛችሁ አትምጡብን። ሽርጥ ተለብሶ፣ ፍራሽ ተነጥፎ ከተማው አረፍ የሚልበት ሰዓት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ድሬ እንደገና ትነሳለች፤ ታይዋን ገበያን ለዚያ ሰዓት አቆዩት።

በሁለተኛው ቀን ጉልበት ካላችሁ በጠዋት ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውጡ። ከከተማው ደቡብ ቅርብ ነው፣ ዳገቱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ውሃና አስጎብኚ ያዙ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1920ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ፈረንሳዮች ቆፍረውት ነበር። ከዋሻው ከወጡት ነገሮች ውስጥ ለእኔ የሚገርመኝ ቀለም የሚሠራበት ቀይ አፈር ነው፤ ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት። ድሬ ከባቡሩ ጋር ተወለደች አልኩ አይደል? ከተማዋ እንጂ ሰውማ ከጥንትም እዚህ ነበረ። የዋሻ ሥዕል ለሚወድ ደግሞ ራቅ ብሎ ለገ ኦዳ አለ፤ ለእሱ ጥሩ መኪናና ሙሉ ቀን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀን የሐረር ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አትተኙበት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ደንገጎን ስትወጡ መስኮት ክፈቱ፤ አየሩ በየጥምዝምዙ ይለወጣል። ከላይ ሐረማያ ትደርሳላችሁ። ሐይቁ ለሐረር ውሃ ያጠጣ ነበር፤ ደርቆ ለዓመታት የከብት መዋያ ሆነና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሃው ተመለሰ። ቀጥሎ የጫት ገበያዋ አወዳይ፣ ከዚያ ጀጎል።

ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን ቦታ እንዳለ ዩኔስኮ መዝግቧል። እነሱን መቁጠር ትታችሁ በጠባቡ መንገድ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ጅብ ሲበላ ማየት የሚፈልግ ሐረር ይደር፣ በሌሊት ደንገጎን ከመውረድ ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ፤ ጀጎል የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሐምሌ 1998 ነው። ሐረር ደስታዋን በሰማችበት በዚያው ወር፣ ተራራው ስር እኛ ሬሳ ከአሸዋ እናወጣ ነበር። በአንድ ሰዓት መንገድ ልዩነት።

ታኅሣሥ 19 አካባቢ የምትመጡ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤልን ጨምሩ። ራስ መኮንን ከአድዋ መልስ ያሠሩት ነው። በዚያ ሰሞን ግን መኝታ ቀድማችሁ ያዙ።

ስትመለሱ ደንገጎ ላይ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ አንዴ አቁምልን» በሉት። ድሬ ከታች ተዘርግታ ትታያለች፣ በመሃሏም ያ ነጭ አሸዋ እንደ መንገድ ተጋድሟል። ዙሪያችሁን ያለው ሸለቆ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚወርደው። «ወንዙ የታለ?» ያለው የአጎቴ ልጅ እዚያ ቆሞ ብዙ አላወራም። «ይኼ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው?» ብቻ አለኝ። አዎ፣ እዚያ ነው።

የድሬ ልጆች፣ የዘለልኩትን ኮሜንት ላይ ሙሉልኝ። የማን ሙሸበክ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አታምጡት፣ ሰላም እንደር።