የገበያ ቀን በቢቸናና በሞጣ

ቢቸና ወይም ሞጣ ቤት ተከራይቶ ጥቂት ሳምንት የሚሰነብት እንግዳ አስቤዛውን ከሱቅ ይልቅ ከሳምንቱ ገበያ ቢያደርግ ይሻለዋል እላለሁ። ሱቅ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና አያጣም፤ ምሥራቅ ጎጃም የሚታወቅበት ጤፍ ግን በገበያ ቀን ከአምራቹ እጅ ይገኛል። ያጨደውና የወቃው ሰው ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ የዘንድሮ ይሁን የአምና መጠየቅ፣ ዘግኖ ማየት ይቻላል። ቅቤም ለጋ፣ መካከለኛ ወይም በሳል መሆኑ የሚለየው አሽትቶ ነው። 

«ለእንግዳ ዋጋ ይቆለላል» የሚሉ አሉ። አይቆለልም አልልም። ነገር ግን አንድ ዓይነት እህል የያዙ ሻጮች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ሦስት አራቱን የጠየቀ የዕለቱን ዋጋ ያውቃል። ሲከራከርም የሻጩን ድካም ያስብ፤ ብዙው በእግሩ ነው የመጣው። ከሞጣ በስተሰሜን ዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰዎች ገበያ ለመድረስ ጭምር ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ይህንኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አውጥቷል። ገበያ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈልበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ለጥቂት ብር ሰው ማድከም ይከብደኛል።

ጤፍ ማስፈጨትና መጋገር ለማይመችበት አጭር ቆይታ ግን እንጀራውን ከጋጋሪ መግዛት ይበቃል፤ እንግዳው ቅቤና ማር ብቻ ከገበያ ይውሰድ።