የብስክሌት ድምፅ ከየት ይመጣል?

ብስክሌት የሚነዳ ሰው በመንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስበት ነገሩ ቀላል ነው፤ ጉዳቱ በዓይን ይታያል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። አስቸጋሪው ድምፅ ነው። ድምፅ በዓይን አይታይም፤ ብስክሌቱ ሲቆም ዝም ይላል፣ ሲሄድ ይጀምራል፣ ጠጋኝ ፊት ሲቀርብ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ብዙዎች ትዕግሥት አጥተው ባገኙት ቀዳዳ ሁሉ ዘይት ያፈሳሉ፤ ወይም በግምት ዕቃ ይለውጣሉ። እኛ ግን ድምፁ የሚመጣበትን ስፍራ ራሱ በምቱ ይናገራል ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

የተወለድንባት አሥመራ የብስክሌት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትሆንም መካከሏ ደልዳላ ስለሆነ፣ ጣሊያኖች ያመጡት ብስክሌት ውሎ አድሮ የሕዝቡ ሁሉ መጓጓዣ ሆነ። በ1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተደረገ፤ በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳይ ዙር የተራራ ወጪዎችን ልብስ ለበሰ፤ በ2024 ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር 3 ጊዜ ቀድሞ በመግባት አረንጓዴውን ልብስ ወሰደ። የጠጋኞቹም ቋንቋ ከጣሊያንኛ ብዙ ወስዷል፤ ካቴና፣ ኩሺኔታ፣ ዳዶ የሚባሉት ቃላት በአማርኛም ስለ ገቡ አማርኛ የሚማር ሹም በጠጋኝ ቤት ብዙ አይቸገርም። ለድምፅ ግን አማርኛ የራሱ ሀብት አለው፤ ያልተቀባ በር ሲጢጥ ይላል፣ ያረጀ አልጋ ይንቋቋል፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይፋጫል፣ ቁልፍ ቀጭ ይላል፣ ባዶ ጋሪ ይንገጫገጫል። ለጠጋኝ «ይጮኻል» ብሎ ብቻ መንገር ለሐኪም «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

በቤታችን ያለው ብስክሌት አባታችን ያወረሱን የጣሊያን ሥራ ነው። ጧት እኛን ወደ መሥሪያ ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ልጃችን ይይዘዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ዳገት ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። አንድ ጠጋኝ በጆሮው አዳምጦ፣ «ጌታዬ፣ የዚህ ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ለአሮጌ ብረት ገዢ ይስጡት» አለን። ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ቱቦው በእርግጥ ተሰንጥቆ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ልጁን ሊጥለው ይችላል፤ ካልተሰነጠቀ ደግሞ የአባታችንን ብስክሌት በከንቱ መጣላችን ነው። ስለዚህ እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ ልጁን ከለከልነውና ምርመራውን ጀመርን።

በመጀመሪያ በሜዳ ላይ ካፈጠንነው በኋላ ፔዳል መምታታችንን አቆምን። ጎማዎቹ መዞራቸውን ሲቀጥሉ ድምፁ ቀረ፤ እንግዲያስ ጥፋቱ ከጎማዎቹ አልነበረም። ከኮርቻው ተነሥተን ቆመን ብንነዳው ድምፁ አልተለወጠም፤ ኮርቻውም ነጻ ወጣ። ከዚያ ቆጠርን። የፊተኛው ጥርስ 48፣ የካቴናው ቀለበት 112 ነው፤ ካቴናው አንድ ጊዜ ተሟልቶ እንዲዞር ፔዳሉ 2 ጊዜ ከሢሶ መዞር አለበት። አንድ የደረቀ ቀለበት ቢኖር ኖሮ የሚሰማው በዚህ ልክ እየቆየ ነው። የእኛ ግን በእያንዳንዱ ዙር፣ ቀኝ እግራችን ወደ ታች ሲጫን፣ ሳያዛንፍ አንድ ጊዜ ይል ነበር። እንግዲህ የቀረው ፔዳሉ፣ ክንዱ፣ ወይም ክንዶቹን የሚያገናኘው መካከለኛው ዘንግ ነው።

ፔዳሎቹን ፈትተን ጥምዛቸውን ጠረግንና ግሪስ ቀባን። (የግራው ፔዳል ጥምዝ ከሌላው ብሎን ሁሉ በተቃራኒ እንደሚፈታ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህን ሳያውቅ የታገለ ሰው ጥምዙን ይበላዋል።) ድምፁ አልቀረም። ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ሽብልቅም ጠብቆ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬያችን የዘንጉን ኩሺኔታ በያዘው በቀኙ ክዳን ላይ ወደቀ።

የጣሊያን ብስክሌት የዚህ ክዳን ስፋት 36 ሚሊሜትር ሲሆን ጥምዙ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። እንግሊዞች ግን የቀኙን በተቃራኒ ሠርተውታል፤ ምክንያቱም የኩሺኔታው መሽከርከር የቀኙን ክዳን ጥቂት በጥቂት ወደሚፈታበት አቅጣጫ ይገፋዋል። ስለዚህ የጣሊያኑ በጣም ካልጠበቀ በጊዜ ብዛት ይላላል። ከላላ በኋላ ደረቅ ብረት ከደረቅ ብረት ጋር ተፋጭቶ ቀጭ ይላል፤ ቱቦውም ባዶ ስለሆነ እንደ ክራር ገበታ ድምፁን አጉልቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል። ጠጋኙ ከፊት በኩል የሰማው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ሰፊ መፍቻ ወዳለው ሌላ ጠጋኝ ሄድን። አስቀድመን ቱቦውን በሳሙና አጥበን፣ አድርቀን፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በብርሃን ተመለከትን፤ ብረት የተሰነጠቀ እንደሆነ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወይም የዝገት ፈለግ ሊታይ ይችላልና። ምንም አልነበረም። ክዳኑ ግን ያለ ብዙ ኃይል ሩብ ዙር ዞረ። ተፈትቶ ተጠረገ፣ ግሪስ ተቀባ፣ በሚገባ ጠበቀ፤ በዳገቱም ላይ ድምፁ አልተመለሰም። ልጁም በማግሥቱ ብስክሌቱን ወሰደ።

ስለ ካቴና ደግሞ ጥቂት እንጨምር፤ አብዛኛው መፋጨት የሚመጣው ከእርሱ ነው። በአቧራ ላይ የሚፈስ ዘይት ሞረድ ይሆናል። ካቴናው በቅድሚያ ይጠረግ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ከላይ የቀረው በጨርቅ ይወገድ። ማርጀቱ የሚታወቀው በማስመሪያ ነው። የ24 ቀለበት ርዝመት አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው፤ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ሲጨምር መለወጥ ይገባዋል፣ 3 ሲደርስ የኋላውን ጥርስ አብሮ በልቶታል፤ ያን ጊዜ አዲስ ካቴና ባረጀው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራል።

አሁን በቤታችን የቀረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በኮርቻው ሥር ያለው ሞላ በብርድ ጧት ሲጢጥ ይላል። ዘይት ልንቀባው ብንነሣ ባለቤታችን፣ ከመንገዱ ጫፍ መምጣታችሁን የማውቀው በእርሱ ነው ብላ ከለከለችን።