ሦስተኛው እጅ

አባቴ ሲቀላ ውስጥ አናጺ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሸቻ ላይ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አርባ ምንጭን የሚያውቅ ሰው ሁለቱ ሰፈሮች ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ ያውቃል፤ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ ዳገት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ዳገት አለ፣ አንድ ጊዜ ከወጡት በኋላ እንግዳ ሆነው ካልሆነ በቀር ተመልሰው የማይወርዱት።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኛዬ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ የላከልኝን ሞርሳ በጆንያ ተሸክሜ ወረድኩ። አባባ ጆንያውን ገልጠው ብረቱን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነው፣ አባባ።»

«እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ያለ ሞርሳ ሠርቻለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ግን ያለ ምንም አልሠሩም። ሞርሳው እኔ ነበርኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ የዋንዛውን ሳንቃ ጫፍ ይዤ እቆም ነበር። እርሳቸው ሲልጉ እመክታለሁ፤ ሲቆርጡ እጫናለሁ። «ጠበቅ!» ይሉኛል፤ አጠብቃለሁ። በ1996 ዓ.ም.፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን እጄ ሳንቃው ላይ እንዳለ ልቤ ቤት መምቻ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ሳንቃው ተንሸራተተ፤ መጋዙም ዘልሎ የግራ እጃቸውን አውራ ጣት ሰነጠቀው። በጨርቅ ጠቅልለው ሥራቸውን ቀጠሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ በቀለለኝ።

ተመርቄ ባንክ ከተቀጠርኩ ወዲህ ሳንቃውን አንዴ በጉልበታቸው፣ አንዴ በእግራቸው፣ አንዴ ከግድግዳ እያስደገፉ ሠሩ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ያ ግራ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሞርሳውን እምቢ እንዳይሉ የፈራሁትም ለዚህ ነበር። ያሳመኗቸው የዶርዜ ሸማኔ የሆኑት ጎረቤታችን ናቸው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ከመሸመኛቸው ቀና ብለው፣ «ድሩን ወጥሮ የሚይዝልኝ ባይኖር እኔስ በሁለት እጅ ምን እሠራ ነበር?» አሏቸው።

ሞርሳ መግጠም ለሚያየው አራት ቡሎን ማጥበቅ ነው። አባባ ግን አላስቸኮሉኝም። መጀመሪያ ቦታው፤ በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ሞርሳውን በጠረጴዛው ፊት፣ በግራ በኩል ያደርገዋል፤ ያውም ከጠረጴዛው እግር አጠገብ፣ ግፊቱን እግሩ እንዲሸከመው። ቀጥሎ፣ የብረቱ መንጋጋ ከጠረጴዛው ገጽ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ የመላጊያው ስለት ብረት ያገኘዋል። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ደግሞ ከጠርዙ ጋር አንድ መስመር ይሁን፤ ረጅም ሳንቃ ሲታሰር በጠርዙ ሁሉ ላይ እንዲያርፍ። ለዚህም ጠርዙን በመሮ ፈልፍለን መንጋጋውን አስገባነው። የጠረጴዛው ገጽ ስስ ስለነበረ ከሥሩ ወፍራም የዋንዛ ጉማጅ ደረብንበት። ቡሎኖቹ ከላይ ገብተው ከሥር በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራሉ፤ ቪቴ ብቻውን በየቀኑ ሲጎተት ይላላልና።

አንዱን ቀዳዳ ሦስት ሚሊ ሜትር አሳትኩት። ደነገጥኩ፤ በእኛ ሥራ የጎደለ ብር ከገንዘብ ያዡ ኪስ ይወጣል። አባባ ግን ትንሽ የእንጨት ችንካር ጠርበው፣ ኮላ ቀብተው ቀዳዳውን ደፈኑትና፣ «ሲደርቅ እንደገና ትበሳዋለህ» አሉኝ።

እስከዚያው ቡና ጠጣን። ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፤ በእጃችን የነበረው ሁሉ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ባንክ የሚለው ቃልም ሥሩ ከዚያው ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የጣልያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ይሠሩበት ከነበረው፣ «ባንኮ» ከተባለው ጠረጴዛ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከኋላው የምቀመጥበት ባንኮኒም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና፣ «ታዲያ አንተም ከጠረጴዛ አልራቅህማ» አሉ።

እሑድ አልፎ ሰኞ ማታ ከባንክ እንደወጣሁ ተመልሼ ወረድኩ። ቀዳዳውን በስቼ ቡሎኖቹን አጠበቅን። አባባ ለብረቱ መንጋጋ ሁለት የዋንዛ ልባስ አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ፤ ብረት እንጨትን እንዳያቆስለው። ከዚያም አንድ ሳንቃ አስገብተው እጀታውን አዞሩት። ሳንቃው ቀጥ ብሎ ቆመ። መላጊያውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ በሁለት እጅ ሲይዙት የግራው መንቀጥቀጥ ቀነሰ። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ወደቀ። እኔ በልማዴ በሳንቃው ጫፍ በኩል ቆሜ ነበር፤ እጆቼን የት እንደማኖራቸው ጠፋኝ።

አባባ ቀና ሳይሉ፣ «ያን ጊዜ፣ መጋዙ ጣቴን የቆረጠኝ ዕለት፣ ምን እያሰብክ ነበር?» አሉኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ያልጠየቁኝ ጥያቄ ነበር።

«ግጥም» አልኳቸው።

መላጊያውን አንድ ጊዜ ገፍተው መለሱት።

«ጨረስከው?»

«አልጨረስኩትም።»

«እንግዲህ» አሉ፣ ሞርሳውን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አሁን እጅህ ነጻ ነው።»